ከባድ ገላ፣ ቀላል ስፖንጅ

ፍራሽ በወርድ፣ በቁመትና በውፍረት ተለክቶ ይሸጣል። የሚተኛበት ሰው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ግን ሻጩ አይጠይቅም፤ ገዢውም አይናገርም።

«ለእንግዳ ነው»

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ መርካቶ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ፍራሾች በቁማቸው ተደርድረው መተላለፊያውን አጥብበውታል። ፕላስቲክ ልባሳቸው ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል። አንድ ተሸካሚ ሁለት ፍራሽ በገመድ አስሮ በአናቱ ላይ ጭኖ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በሰው መሃል ይሰነጥቃል። ፍራሾቹ ከሱ ቁመት ይረዝማሉ፤ እሱ ግን እንደ ላባ ይዟቸው ይሮጣል። ያን ሰዓት ልብ አላልኩትም እንጂ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚያ ሩጫ ውስጥ ነበር።

አንድ መደብር ደጃፍ ላይ እናትና ልጅ ቆመዋል። እናትየው ወደ ስልሳው የተጠጉ፣ ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ ሴት ናቸው። ወጣቱ ሻጭ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፍራሽ ካሳያቸው ቆይቷል። «ማዘር፣ ይንኩት እስቲ! ሜዲካል ነው፣ ለወገብ የሚታዘዝ!» እያለ በመዳፉ ጫን ጫን ያደርገዋል። እሳቸው በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጋደም ይበሉበትና ይሞክሩት» አላቸው።

«ለእኔ አይደለም፣ ለእንግዳ ነው» አሉ።

ልጃቸው ቀና ብላ አየቻቸው። ምንም አልተናገረችም።

ፍራሹ የእንግዳ እንዳልሆነ ከቆይታ በኋላ ያጫወተችኝ እሷ ናት። እናቷ አራት ወር ሙሉ ሌሊቱን ሶፋ ላይ ተደግፈው ነው የሚያነጉት። ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛላቸው ፍራሽ መሃሉ ገደል ሠርቷል። ሲተኙ ዳሌያቸው ይሰምጣል፤ እግራቸውና ደረታቸው ወደ ላይ ይቀራል፤ ሊነሡ ሲሉ ደግሞ የሚይዙት ነገር የለም። «ጥፋቱን በራሷ ላይ ነው ያደረገችው» አለችኝ። «"እኔ ከብጄው ነው እንጂ ፍራሹ ምን አደረገ" ትላለች።»

ይህን ነገር ከዚህ በፊትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ወፍራም ሰው ወንበር ሲሰበርበት ይቅርታ ይጠይቃል። ጫማ ሲጠበው እግሩን ይወቅሳል። ፍራሽ ሲጎደጉድበትም ገላውን ይከሳል። ፍራሹ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም፤ መልሱም ሲታይ ጥፋተኛው ቀላሉ ስፖንጅ ራሱ ነው።

ጥጡ በኪሎ ነበር

እኛ አገር ሰው መኝታውን በልኩ ማሠራት አዲስ ነገር አልነበረም። የጠፍር አልጋ እንጨቱ ይቆምና መሃሉ በበሬ ቆዳ ጠፍር ይጠላለፋል። ጠፍሩ በጊዜ ብዛት ሲረግብ እንደገና ይወጠራል። ከባድ ሰው የሚተኛበት ከሆነ ጠበቅ ተደርጎ፣ ጠፍሮቹም ቀረብ ቀረብ ብለው ይሠራል። በላዩ ቁርበት ይነጠፋል። የመደብ መኝታም እንዲሁ ነው፤ ጭቃው አይረግብም፤ ልስላሴውን የሚጨምረው ሰውየው ነው።

ከተማ ሲሰፋ የጥጥ ፍራሽ መጣ። ጥጡ በኪሎ ተገዝቶ፣ ጨርቁ ተሰፍቶ፣ ጥጡ ታጭቆ፣ በወፍራም መርፌ እየተወጋ ይታሠራል። ባለቤቱ ጥጡን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጥጡ ከተኛበት ሰው ክብደትና ላብ የተነሣ ሲጓጉል ደግሞ በየሰፈሩ እየዞሩ «ፍራሽ አዳሽ!» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ግቢ ገብተው ፍራሹን ይተረትሩታል፤ ጥጡን ያፍታቱታል፤ ፀሐይ አስመትተው መልሰው ይሞሉታል። ያን ድምፅ ከልጅነቱ የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። አንድ የቀድሞ አዳሽ አሁን ሶፋ ይሠራል። «የወፍራም ሰው ፍራሽ ሲመጣልን እናውቀዋለን» አለኝ። «መሃሉ ላይ ጥጡን ደፈን አድርገን፣ ክሩን አቀራርበን እንወጋው ነበር። ሰውየውም አያፍርም፤ መሃሉን አክብዱልኝ ይላል።»

ከዚያ ስፖንጅ መጣ። የስፖንጁ ጥሬ ነገር ፖሊዩረቴን ይባላል፤ ኦቶ ባየር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ሌቨርኩሰን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኘው ነው። ለስላሳው፣ ለመኝታ የሚሆነው ዓይነት በፋብሪካ ብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲገናኙ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላሉ። የኩፍታው አረፋ ሲደርቅ እንደ ትልቅ ዳቦ ይሆናል፤ ከዚያ በመጋዝ ይቆራረጣል። ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ትኋን እንደ ጥጡ አይመሽግበትም። የሰውን ኑሮ አቅልሏል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ከስፖንጁ ጋር አንድ ጥያቄ ጠፋ። ጥጥ ሲገዛ «ስንት ኪሎ?» ይባል ነበር። ስፖንጅ ሲገዛ «በስንት ነው? አንድ ሃያ ነው አንድ ሃምሳ?» ሆነ።

> በርበሬው በኪሎ፣ ጤፉ በኪሎ፣ ብረቱ በኪሎ። ፍራሹ ብቻ በሜትር።

ሚዛን ላይ የወጣ ፍራሽ

ወደ መደብሩ ልመለስ። ልጅቱ ወደ ሻጩ ጠጋ ብላ ሁለት ፍራሽ እንዲያወርድላት ጠየቀችው። ሁለቱም 1.90 በ1.20፣ ውፍረታቸው 20 ሴንቲ ሜትር። ጨርቃቸው ተመሳሳይ፣ አበባቸው ተመሳሳይ፤ በዐይን ከታዩ መንትያ ናቸው። ዋጋቸው ግን አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይበልጣል። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ስትለው «ያኛው ኦሪጅናል ነው» አላት። መርካቶ ውስጥ ከዚህ መልስ በላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጎረቤቱ በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ጆንያ የሚመዝንበት ሚዛን ደጃፉ ላይ አለ። «እስቲ እነዚህን እንመዝናቸው» አልኩ። ሻጩ ሳቀ፤ በኋላ ግን እሱንም ነገሩ ሳበው። ፍራሾቹን እየጠቀለለ፣ በገመድ እያሰረ አወጣቸው። አንደኛው 10 ኪሎ። ሌላኛው 15 ኪሎ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ወርዱን በቁመቱ፣ በውፍረቱም ስናባዛ 1.90 በ1.20 በ0.20፣ ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም፤ 0.456 ይሆናል። ለጨርቁ አንድ ኪሎ ያህል እንቀንስና የቀረውን ለዚህ ቁጥር እናካፍል። የመጀመሪያው ወደ 20 ይመጣል፤ ሁለተኛው ከ30 ትንሽ ይበልጣል። ይህ ቁጥር አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚናገር ነው። በትምህርት ቤት ፊዚክስ እፍጋት የምንለው፣ ነጋዴው ዴንሲቲ የሚለው ይህ ነው።

ስፖንጅ አብዛኛው አየር ነው። ሰውን የሚሸከመው በአየሩ ዙሪያ ያለው ስስ ግድግዳ ነው። እፍጋቱ ዝቅ ያለ ስፖንጅ ግድግዳው ጥቂት ወይም ቀጭን ነው ማለት ነው፤ በየሌሊቱ ሲጨፈለቅ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶ አይነሣም። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው በ20ው ላይ ዓመታትን ሊተኛ ይችላል። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ያንኑ ፍራሽ በአጭር ጊዜ ገደል ያደርገዋል። ስለዚህ ለከባድ ሰው እፍጋቱ ከ30 በታች የሆነ ስፖንጅ፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ወደ 40 የተጠጋ ቢገኝ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ጥንካሬና እፍጋትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ፋብሪካ ቀላሉንም ስፖንጅ ቅመሙን ለውጦ ጠንካራ ሊያደርገው ይችላል። ሲገዙት ድንጋይ የመሰለ ፍራሽ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ቆየ እንጀራ የሚላላው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሚዛኑም ሊታለል መቻሉ ነው። በስፖንጁ ውስጥ ኖራ መሰል ዱቄት ከተጨመረ ኪሎው ይወጣል፣ ጉልበቱ ግን አይጨምርም። ቁርጥራጭ ስፖንጅ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተይዞ፣ ተጭኖ የሚሠራ ድፍን ዓይነትም አለ፤ በጣም ከባድ ነው። ይኸኛው ለታችኛው ንጣፍ ደህና ነው፤ ብቻውን ግን ለትከሻና ለዳሌ ይጎረብጣል። ስለዚህ የልባሱን ዚፕ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ወጥ ቀለም ነው ወይስ ዥንጉርጉር? ሲጨብጡት ወዲያው ይመለሳል ወይስ የእጅ አሻራ ይዞ ይቀራል? ጣት ላይ ዱቄት ይቀራል? ዚፕ የሌለው ፍራሽ ከሆነ ሻጩ ከዚያው ዓይነት ቁራጭ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለበትም።

መዳፍና ጉልበት

ፋብሪካዎች ስፖንጅ የሚፈትኑበት መንገድ አለ። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ስፖንጁ ላይ ይጫናል። መጀመሪያ ውፍረቱ በሩብ እስኪቀንስ፣ ቀጥሎ 65 በመቶው እስኪጨፈለቅ ድረስ። በሁለቱም ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደ ጠየቀ ይመዘገባል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ከሆነ ስፖንጁ ላዩ ለስላሳ፣ ሆዱ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ከሁለት እጥፍ በታች ከሆነ ግን መጀመሪያ የተቀበለውን ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ አይዘውም።

የሻጩ መዳፍ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቀላል ሰውም ከዚያ አልፎ አይሄድም። የከባድ ሰው ዳሌ የሚያርፈው ግን በሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ መደብር ውስጥ ጫማ አውልቆ በአንድ ጉልበት ፍራሹ ላይ መንበርከክ ከመዳፍ ይሻላል። ጉልበቱ እስከ ወለሉ ወይም እስከ ጣውላው ወርዶ ደረቅ ነገር ከነካ፣ ሌሊት ዳሌም እዚያው ይደርሳል።

> መዳፍ የሚነግረው ስለ ላዩ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ከስር ያለው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የወገብ ሕመምተኞችን የምታክም አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነገሩን ከሰውነት በኩል አስረዳችኝ። አከርካሪ ስንቆም የራሱ ጠመዝማዛ ቅርጽ አለው፤ ስንተኛም ያንኑ ቅርጽ ይፈልጋል። በጀርባው የሚተኛ ከባድ ሰው ዳሌው ከሌላው አካሉ ይልቅ ከሰመጠ ወገቡ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጀልባ ይጎብጣል። ጡንቻው ያን ጉብጠት ሊይዝ ሲታገል ያድራል፤ ሰውየው ሲነሣ የሠራ እንጂ የተኛ አይመስለውም። በሆዱ የሚተኛ ከሆነማ የሆዱ ክብደት ወገቡን ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ይህን አተኛኝ ቀስ በቀስ ቢተዉት ትመክራለች። በጎን መተኛት ለብዙዎቹ የተሻለ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ክብደቱ በሙሉ በትከሻና በዳሌ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ላዩ እነሱን የሚቀበል፣ ሥሩ ግን የሚሸከም ፍራሽ ያስፈልጋል።

«ሰዎች የተሳሳተ ምክር ይዘው ይመጣሉ» አለች። «ወገቤን ሲያመኝ መሬት ላይ ተኛ አሉኝ ይላሉ።» መሬት ላይ የተኛ ወፍራም ሰው አይሰምጥም፤ እውነት ነው። ግን ዳሌውና ትከሻው ደም እንደ ልብ አያገኙም፤ ክንዱ ይደነዝዛል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ጠዋት ከመሬት መነሣቱ ደግሞ ለጉልበቱ ሌላ ሥቃይ ነው።

ይህንኑ ጉዳይ የስፔን ሐኪሞች በደንብ ፈትነውታል። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ጠንካራ፣ ለግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሰጧቸው። የትኛው እንደ ደረሳቸው ሰዎቹ አያውቁም። ከ90 ቀን በኋላ ሕመሙ ይበልጥ የቀለለላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ። ለወገብ ጠንካራ ነው የሚሻለው የሚለውን የቆየ አስተያየት ያናወጠ ጥናት ነው። እዚህ ላይ ግን ከባድ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ለስልሳ ኪሎ ሰው መካከለኛ የሆነው ለመቶ ሠላሳ ኪሎ ሰው ለስላሳ ነው። ያንኑ የመካከለኛነት ስሜት ለማግኘት ከባዱ ሰው በደረጃ ጠንከር ያለ፣ በውፍረትም ከፍ ያለ መግዛት አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር አይበቃውም፤ 25 እና ከዚያ በላይ ነው የሚሆነው። አሜሪካ ያሉ የፍራሽ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ ከ230 ፓውንድ፣ ማለትም ከ104 ኪሎ ገደማ በላይ የሚመዝነውን ሰው ለይተው የሚመክሩትም ይህንኑ ነው።

ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጋር ስለ ማንኮራፋትም አንሥተን ነበር። ክብደት ሲጨምር በጉሮሮ አካባቢ ያለው ሥጋም ይወፍራል፤ በጀርባ ሲተኙ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። በጎን ለመተኛት የሚያመች ፍራሽ ይህን ሊያቀለው ይችላል። ሆኖም በእንቅልፍ መሃል ትንፋሹ እየተቋረጠ በድንጋጤ የሚነቃ፣ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው መሄድ ያለበት ሐኪም ዘንድ ነው። ይህን የሚፈውስ ፍራሽ የለም፤ አለ የሚል ሻጭ ካለም አትመኑት። «ሜዲካል» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ጨርቁ ላይ የተጠለፈ ቃል ነው፤ ውስጡ ያለውን ስፖንጅ አይለውጠውም።

ሽቦው፣ ሙቀቱ፣ ብርዱ

ስፕሪንግ ፍራሽ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። ሽቦው ምን ያህል ወፍራም ነው? ጥቅልሎቹ አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው ወይስ እያንዳንዳቸው በየኪሳቸው የገቡ? በካናዳ ይኖር የነበረው ጄምስ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1900 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኪስ ስፕሪንግ ዛሬም ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ዳሌ ያረፈበት ሲወርድ ጎረቤቱን አይጎትትም። በመካከላቸው ትልቅ የክብደት ልዩነት ላለ ባልና ሚስት ይህ ወሳኝ ነው። በተያያዘው ስፕሪንግ ላይ ቀላሉ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ከባዱ ሲንሸራተት ያድራል። ሌላም መፍትሔ አለ፤ በአንድ ሰፊ አልጋ ላይ ሁለት የተለያዩ ፍራሾች ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ አንሶላ መሸፈን። ሲነገር ግር የሚላቸው አሉ፤ የሞከሩት ባልና ሚስት ግን ትዳራችን አልተከፈለም፣ እንቅልፋችን ተገኘ ብለውኛል።

ሜሞሪ ፎም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ ሲሠራ የነበረው ቻርልስ ዮስት ለአውሮፕላን መቀመጫ ያዘጋጀው ነው። በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል። ስለዚህ አንዱ ፍራሽ በኅዳር የአዲስ አበባ ብርድ ሲተኙበት መጀመሪያ ይደርቃል፤ ድሬዳዋ ቢወሰድ ደግሞ ያለ ልክ ይውጣል። ገላን ጥቅልል አድርጎ ስለሚይዝም ይሞቃል፤ ወፍራም ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ሙቀት ይበዛበታል። ውፍረቱ ከሦስት አራት ጣት በላይ ባይሆን፣ ከሥሩም የሚሸከመው ቢኖር ይሻላል። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ላቴክስ ለከባድ ሰው ከስፖንጅ ሁሉ ይመረጣል፤ ይገፋል፣ ይተነፍሳል፣ ብዙ ይቆያል። ዋጋው ግን የብዙ ሰው አቅም አይደለም።

አቅም ለሌለው ሰው የምመክረው ያ የቀድሞ ፍራሽ አዳሽ የነገረኝን ነው። ስፖንጅ የሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ሄዶ በልክ ማስቆረጥ፤ ከታች 20 ሴንቲ ሜትር እፍጋቱ ከፍ ያለ ወይም ድፍኑ፣ ከላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ለስለስ ያለ። ከዚያ አንድ ልባስ አሰፍቶ ማልበስ። ላይኛው ሲደክም እሱ ብቻ ይለወጣል። እንደ ጥጡ ዘመን፣ መሃሉን አክብዱልኝ ማለት ይቻላል።

አልጋውን ግለጡት

«ፍራሽ ጎደጎደብን ብለው የሚመጡ ሰዎች ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ የጎደጎደው ፍራሹ አይደለም» ያለኝ አንድ አናጺ ነው። ፍራሹን ሲያነሣው ርብራቡ በሁለት በሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ በካርቶን ተሸፍኖ ያገኘዋል። ወይም ሳይሰበር ጎብጧል። ወይም በርብራቦቹ መሃል ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር ይሆናል፤ ስፖንጁ በዚያ መሃል ቁልቁል እየገባ ከሥሩ ይቆረጣል።

ለከባድ ሰው የሚሠራ አልጋ ርብራቡ መቀራረብ አለበት፤ ክፍተቱ ከሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ። ወርዱ ከአንድ ሜትር ከሃያ በላይ ከሆነ መሃሉን ከራስጌ እስከ ግርጌ የሚይዝ ዘንግ ያስፈልገዋል። ለዘንጉም መሬት የሚነካ እግር። ብዙ አልጋ ይህ እግር የለውም፤ አናጺው እንደሚለው ከአንድ ክንድ እንጨት የማይበልጥ ነገር ነው የሚጎድለው። ከፍታውም ይታሰብ። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ እግር መሬቱን ሙሉ በሙሉ ካልረገጠ ወይም ጉልበት ከዳሌ በላይ ከወጣ፣ መነሣቱ በየቀኑ ጉልበት ይበላል።

ስለ ጠርዝ ካነሣን፣ እኛ ዘንድ አልጋ ወንበርም ነው። አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ሰው እንግዳውን የሚያስቀምጠው አልጋው ላይ ነው፤ ቡናውም እዚያው ይጠጣል። ጠርዙ ቀድሞ የሚሞተው ለዚህ ነው። ከባድ ሰው ደግሞ ለመነሣት የሚደገፈው በዚያው ጠርዝ ነው። መደብር ውስጥ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ መነሣት ከመተኛት የማይተናነስ ፈተና ነው።

ፕላስቲኩ

ቤት ከገባ በኋላ ያለው ነገር አጭር ነው። ፕላስቲኩን አውጡት። እንዳይቆሽሽ ተብሎ ለዓመታት ከነፕላስቲኩ የሚተኛበት ፍራሽ በየቤቱ አለ። ላቡ መውጫ ያጣል፤ ገላ ይቃጠላል፤ እጥፋት ውስጥ ያለ ቆዳ ይላጣል። ለወፍራም ሰው ይህ እውነተኛ ሥቃይ ነው። ቆሻሻ የሚፈራ ሰው የሚታጠብ የጨርቅ ልባስ ያሰፋ። ሌላው፣ ስፖንጅን እንደ ጥጥ ፀሐይ አታስመቱት። ፀሐይ ጥጥን ያነሣል፤ ስፖንጅን ግን ያደርቀዋል፣ ያፈረፍረዋል። ጥላ ውስጥ ነፋስ ይበቃዋል። በየሁለት ሦስት ወሩም ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞር፣ ዳሌው ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዳያርፍ።

ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችን ፍራሹን ቤቱ ወስዶ መቶ ሌሊት ተኝቶበት ካልተስማማው እንደሚመልስ ሲነግረን እዚህ ያለን ሰዎች ተያይተናል። እኛ ያለን መደብር ውስጥ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። ስለዚህ እሷን ቆሞ በእጅ በመንካት ብቻ ማሳለፍ አይገባም። መተኛት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት፣ ቤት በሚተኙበት ጎን።

ሜትሩ

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከባድ ሰው በሰው ፊት አይተኛም።

ድሮ «ወፈርሽ!» ማለት ተመቸሽ፣ አማረብሽ ማለት ነበር። ዛሬም በክፍለ ሀገር እንደዚያ ተብሎ ይመረቃል። ከተማው ውስጥ ግን ያው ቃል ሌላ ዜማ ይዟል። ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ ስልኩ በሌላ በኩል፣ ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በሉ» የሚለው ረዳት በሌላ በኩል ሰውየውን ትርፍ አድርገውታል። ክብደት መቀነስ ለጤና ይጠቅም ይሆናል፤ የሚቀንሰውም ሰው ግን እስኪቀንስ ድረስ ሌሊት ሌሊት መተኛት አለበት። እንዲያውም በደንብ ያልተኛ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይበዛል፤ ለመንቀሳቀስም አቅም ያጣል።

መርካቶ ሚዛኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እናትየው ሁለቱን ፍራሾች ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ባለ አሥር ኪሎውን በእጃቸው ገፋ አድርገው «እኔ ቤት ያለው ይኼ ነው» አሉ። ለማንም አይደለም፤ ለራሳቸው ነው። ቀጥለው ሻጩን «ከዚህ ከባዱ፣ ውፍረቱ 25 የሆነ አለህ?» አሉት። ነበረው። አወረደው፤ ሁለት ጣውላ ላይ ዘረጋው።

«ለእንግዳው ነው?» አለ ሻጩ።

«ለእኔ ነው» አሉ።

ልጃቸው ነጠላቸውን ተቀበለቻቸው። ጫማቸውን አወለቁ። በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ጣውላው አልተሰማቸውም። ከዚያ በቀስታ በግራ ጎናቸው ጋደም አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው። ልጅቱ ከጀርባቸው በኩል ዝቅ ብላ አየች፣ ዐይኗን አላመነችም መሰለኝ፣ ወደ ሻጩ ዞረች።

«ሜትርህን ስጠኝ» አለችው።

ከአንገቱ አውርዶ ሰጣት። አንዱን ጫፍ እናቷ ማጅራት ላይ፣ ሌላውን ጅራት አጥንታቸው ላይ አድርጋ ወጠረችው። ሻጩ ጎንበስ ብሎ በሜትሩና በጀርባቸው መሃል ያለውን አየ። የበርበሬው ነጋዴም ከደጃፍ ሆኖ ይመለከት ነበር።

«ቀጥ ብሏል» አለ ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናትየው አልመለሱለትም። ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር።